ከሐርቡ እስከ ኮምቦልቻ የሚያህል ባሕር

ከሐርቡ ኮምቦልቻ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብትሉኝ በኪሎ ሜትር አልመልስላችሁም፤ «አሥራ ሁለት የባሕር ማይል ያህላል» ነው የምላችሁ። የሚያውቁኝ ይስቃሉ። የማያውቁኝ ደግሞ «እኚህ ሰውዬ ደኅናም አይደሉ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ በ12 ሲባዛ 22 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይመጣል። ሚኒባሱ ከሐርቡ ተነሥቶ የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ኮምቦልቻ እስኪገባ የሚቆርጣት መንገድ፣ ብትበልጥም ብታንስም ጥቂት ነው፣ እሷው ናት። ኢትዮጵያ ባሕር በነበራት ዘመን፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ቆማ «እስከዚህ ድረስ የእኔ ነው» ብላ ያወጀችው ውሃ ወርዱ ይህን ያህል ነበር።

ዕድሜዬን የበላው ትራንዚተርነት ነው። ማኒፌስት፣ ዲክላራሲዮን፣ የቀረጥ ደረሰኝ ሳገላብጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው፤ መጀመሪያ አሰብ፣ ኋላ ኮምቦልቻ። ትራንዚተር የሌላ ሰው ዕቃ ከወደብ አውጥቶ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ሰው ነውና ወደብን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ባሕርን ግን አያውቅም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያነቃኝ አንድ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝና አንድ የጠፋ ጫማ ነው።

በዚህ ሰሞን ሐርቡ ሻይ ቤት ብትቀመጡ ከጎናችሁ ያለው ሰው ስለ ባሕር በር ማንሣቱ አይቀርም። ወጣቱም ሽማግሌውም «በር» ነው የሚለው። በር ደግሞ መውጫና መግቢያ ነው፤ ሰው በር የሚፈልገው አልፎ ለመሄድ ነው። ዓለም የባሕር ሕግ እያለ የሚጨቃጨቀው ግን ስለ በሩ ሳይሆን ከበሩ ፊት ስላለው ግቢ ነው። አጥሩ የት ይቁም? ግቢው ውስጥ ያለው ዓሣ የማን ነው? መንገደኛ መርከብ ሳያስፈቅድ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ከወለሉ ሥር ዘይት ቢገኝ ማን ይቆፍረዋል? እኛ ለአርባ ዓመት ያህል ግቢ ኖሮን ሳለ እንኳ የምናወራው ስለ በሩ ብቻ ነበር። ግቢውን ያስታወሰው ሕጉ ነው፤ እሱንም ያነበበው ሰው ጥቂት ነው።

ልጅ ሳለሁ ባሕር ሐርቡ የሚመጣው በጆንያ ነበር። የአሰብ ጨው ነው። ክረምት ሲገባ ጆንያው ላብ ያወጣል፤ እናቴ «አገሩን አስታወሰ» እያለች ከግድግዳው አርቃ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ አንዳንዴ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ነጭ ስብርባሪ ይወጣል። የተበሳ ካገኘን እኅቴ ክር ሰክታ አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ባሕር ለእኛ ይኸው ነበር፤ ወጥ የሚያጣፍጥና አንገት ላይ የሚታሰር ነገር።

አጎቴ ሹፌር ነበር። ሰዉ «ኤንትሬ» የሚላትን ፊያት ከነተሳቢዋ ይዞ ከአሰብ ደሴ ይመላለሳል። ሐርቡ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር «አያ፣ ባሕር ምን ይመስላል?» እለው ነበር። አንድ ቀን ሲሰለቸው «ቦርከና ነሐሴ ላይ ሲሞላ አይተሃል? ማዶ የሌለው ቦርከና ነው» አለኝ። ይህ መልስ ለብዙ ጊዜ በቃኝ። በኋላ ነው ነገሩ ያሳዘነኝ። ቦርከና ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ የእኛን ሐርቡን አልፎ ጨፋ ላይ ረግረግ ሠርቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከጂቡቲ ድንበር ላይ። የእኛ ወንዝ ባሕር አይቶ አያውቅም።

እኔ ግን አየሁ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አጎቴ ከረዳቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ወሰደኝ። ባቲ፣ ሚሌ፣ ተንዳሆ፣ ሰርዶ፣ ዲቼቶ፣ ኤሊዳአር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ ውሃ ለራዲያተር እንጂ ለሰው የማይበቃበት መንገድ ነው። አሰብ ስንቃረብ መጀመሪያ የታየኝ ባሕሩ ሳይሆን የነዳጅ ማጣሪያው እሳት ነው። ማጣሪያው በሶቪየቶች እርዳታ ተሠርቶ በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ስለሆነ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ ወደቡን ደግሞ ዩጎዝላቮች ናቸው የሠሩት።

ማታ ላይ ከተማው ዳር ወዳለው አሸዋ ብቻዬን ወረድኩ። ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ከሚደርስበት አሥር እርምጃ ያህል ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩና እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስመለስ አሸዋው የለም፤ ጫማውም የለም። አንድ ጀልባ ላይ መረብ የሚጠግን አፋር ሽማግሌ አይቶኝ ኖሮ ከት ብሎ ሳቀ። «ባሕር ሁለት ደጃፍ አለው» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ፣ «አንዱ ሲመጣ፣ አንዱ ሲሄድ። አንተ በሁለቱ መሀል አስቀመጥክ።» ባዶ እግሬን ወደ አጎቴ ስመለስ የተቀበልኩትን ኩርኩም አልረሳውም። የሽማግሌውን ንግግር ግን ቁም ነገር ብዬ የያዝኩት ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው።

ወደ ጋዜጣው ከመድረሴ በፊት አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፤ ይህ የባሕር ጉዳይ ከእኛ ከወሎዎች ደጅ ርቆ አያውቅም። አሰብ ከእጅ የወጣችው በ1862 ዓ.ም. ነው። ጁዜፔ ሳፔቶ የሚባል ሚሲዮናዊ የነበረ ሰው ሩባቲኖ ለሚባል የመርከብ ኩባንያ ብሎ መሬቱን ከአካባቢው ባላባቶች ገዛ፤ በ1874 የኢጣሊያ መንግሥት ከኩባንያው ላይ ወሰደው። ምጽዋንም ጣልያኖቹ በ1877 ያዙ። ከዚያ በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን ከደሴ በስተሰሜን ውጫሌ ላይ ያ የምኒልክና የኢጣሊያ ውል ተፈረመ። ስለ 17ኛው አንቀጽ፣ ስለ አማርኛውና ጣልያንኛው ልዩነት የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔ ግን በሙያዬ ምክንያት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሌሎቹ አንቀጾች ነው። ሲራራ ነጋዴ ስለሚከፍለው 8 በመቶ ቀረጥ የሚናገር አለ፤ የንጉሡ መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅድ አለ። ልብ በሉ፣ ማለፍ ነው የተፈቀደው። ምጽዋን ለባለቤቱ ትተን ማለፊያዋን ተዋዋልን። እውነቱን ለመናገር ምኒልክ በ1883 ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸው ወሰን ባሕሩ መሆኑን ጽፈው የባሕሩ ዳርቻ አንድ ቀን እንዲመለስ ተስፋቸውን ገልጸዋል። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ሐምሌ 1920 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢጣሊያ ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ሲዋዋሉ አብሮ አንድ የመንገድ ስምምነት ነበር። ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነጻ ቀጠና ታገኛለች፤ ከአሰብ ደሴ መኪና የሚሄድበት መንገድ ይሠራል፤ የኢጣሊያ ድርሻ እስከ ድንበር፣ የእኛ ድርሻ ከዚያ እስከ ደሴ። ሳይሆን ቀረ። መንገዱን የሠሩት በኋላ በወረራው ጊዜ ራሳቸው ጣልያኖቹ ናቸው፣ ለራሳቸው ጉዳይ። አጎቴ ሃያ ዓመት የነዳበት፣ እኔ ጫማዬን ያጣሁበት መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጋዜጣው። አሰብ ተለማማጅ ሆኜ በገባሁበት ቢሮ መርከብ ሲዘገይ ሥራ ይፈታል። ሌላው ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ቁማር አልወድም። ከመደርደሪያው ላይ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች ነበሩ፣ አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው። ጠርዛቸውን ብል የበላው፣ በአሰብ ወበቅ ገጹ እርስ በርሱ የተጣበቀ። ቀስ ብዬ እየላቀቅሁ ሳነብ ነው የ1946ቱ የባሕር አዋጅ ቁጥር 137 ላይ የደረስኩት።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቆራኝ የተባበሩት መንግሥታት ኅዳር 1943 ወሰነ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ፓሪስና ኒው ዮርክ ሲመላለሱ የከረሙበት ጉዳይ ነው። ውሳኔው የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ሲዘረዝር መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይን፣ ገንዘብን፣ ወደቦችንም ጨምሮ ይሰጣል። ፌዴሬሽኑ መስከረም 1945 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ የተቀመጡት የሕግ ሰዎች ጊዜ አላባከኑም። መጀመሪያ በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ገቢ አዋጅ ቁጥር 126፣ ቀጥሎ ቁጥር 137፣ የኢትዮጵያ የግዛት ባሕር ምን ማለት እንደሆነ ተረጎሙ። ከአህጉሩ ዳርቻና ከደሴቶቹ ዳርቻ 12 የባሕር ማይል። ለዳህላክ ደሴቶች ግን ማይል የለም፤ ወሰኑ የሉል ማስገሪያውና በባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ፍጥረት የሚለቀምበት ቦታ እስካለ ድረስ ነው።

እስቲ በጊዜው ይህ ምን ማለት እንደነበር እንይ። ድሮ የባሕር ኃያላኑ የሚያውቁት ሦስት ማይል ነው፤ ከዳር የተተኮሰ መድፍ የሚደርስበት ርቀት ነው ይባል ነበር። እንግሊዝና አሜሪካ ከሦስት በላይ አንሰማም ብለው ነበር። ማዶ ያለችው ሳዑዲ ዐረቢያ በ1941 ያወጀችው ስድስት ነው፤ ግብፅም በ1943 ስድስት። ኢትዮጵያ ባሕር ከያዘች ዓመት ሳይሞላት አሥራ ሁለት አለች። ሳዑዲና ግብፅ አሥራ ሁለት ያሉት በ1950 ነው። ባሕር አያውቁም የሚባሉት ደገኞች የባሕር ጎረቤቶቻቸውን በአምስት ዓመት ቀደሙ። ይህን ሳነብ፣ አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው ግን እስከሚቀጥለው ሐረግ ነው። አሥራ ሁለቱ ማይል ከየት ይጀመራል? ሕጉ «በዓመቱ ውስጥ የባሕሩ ሙላት ከሁሉ በላይ በሚደርስበት ጊዜ» ካለው የዳርቻ ጫፍ ይላል። ሌላው ዓለም የሚለካው በተቃራኒው ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ፣ አሸዋው ሲገለጥ፣ ከመጨረሻው የሽሽት መስመር። ያን ጊዜ ኮንጎ ጫማዬ ትዝ አለኝ። ከሽማግሌው ሁለት ደጃፎች ውስጥ ሕጉ የያዘው ወደ ውስጥ የገባውን፣ ወደ ደጋ የቀረበውን ነው። ጎረቤት አጥሩን ከግቢው ዳር ሲተክል እኛ ከቤታችን ግድግዳ ጀመርን። በሜትር እንጂ በማይል የሚቆጠር ኪሳራ አይደለም፤ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዳርቻ ላይ አንዲት ቅጠል የምታህል ጥብጣብ ውሃ ቀረችብን። ለምን እንዲህ ጻፉት? የእኔ ግምት ብቻ ነው፦ ደገኛ የጻፈው ይመስለኛል። ደገኛ መሬት ብሎ የሚያምነው ውሃ ጨርሶ የማይነካውን ነው።

ስለ ዳህላኩ ሐረግ ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ደሴቶቹ ከመቶ በላይ ናቸው፤ ሉላቸው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ምጽዋ ላይ የሉል ነጋዴ የማይታጣበት ዘመን ነበር። ሉል የምታፈራው ኦይስተር እንደ ዓሣ አትዋኝም፤ ወለሉ ላይ ተለጥፋ ትኖራለች። ስለዚህ ከጥንትም ሲሎንና ባሕሬን ባሉ አገሮች፣ ሰው ሲለቅማት የኖረ ቦታ ከሦስት ማይል ቢያልፍም የለቃሚው ነው የሚል ልማድ ነበር። የእኛ ሰዎች ይህን ልማድ ይዘው የግዛት ወሰን አደረጉት። አስቡት እንግዲህ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንበር የሚያበቃበትን ቦታ የሚያውቀው ካርታ አንሺ አይደለም፤ ትንፋሹን ይዞ የሚጠልቅ የዳህላክ ሰው ነው። ሉሉ ባለበት ኢትዮጵያ አለች፤ ሉሉ ባለቀበት የማንም ባሕር ነው። እንዲህ ያለ ድንበር በየብስ ላይ አላውቅም። ምናልባት የጥንቱ አባቶቻችን የግጦሽ ወሰን ይቀርበው ይሆናል፤ ሣሩ እስካለ ድረስ ነዋ።

ሌላው ዓለም ግን ገና መስማማት አልቻለም ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1938 መስከረም የአሜሪካ ባሕር ወለል ሀብት የአሜሪካ ነው ብለው ካወጁ ወዲህ ሁሉም የየራሱን ማወጅ ጀምሯል። በ1950 ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው አራት ስምምነት ሲያወጡ የግዛት ባሕር ወርዱ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይወስኑ ተበተኑ። በ1952 እንደገና ተገናኙ፤ ስድስት ማይል ግዛት፣ ሌላ ስድስት ማይል የዓሣ ማስገሪያ የሚለው ሐሳብ በአንድ ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። አንዲት ድምፅ! በዚያው ዓመት እኛ ደግሞ የባሕር ሕጋችንን ከንግድ ሕጋችን ጋር አውጥተን አሳተምን፤ እሱ ግን የመርከብና የጭነት ሕግ ነው። ለእኔ እንጀራ የሆነኝ እሱ ነው፤ አገሪቱ ባሕር ካጣች በኋላም ሥራ ላይ ቆይቷል።

ግቢ ካለ ዘበኛ ያስፈልጋል። የባሕር ኃይሉ ምጽዋ ላይ ተቋቋመ፤ ኖርዌዮች አሠለጠኑት፤ ትልቁ መርከብ፣ አሜሪካኖች «ኦርካ» ይሏት የነበረችው፣ በ1954 ዓ.ም. መጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች። አሰብ ስትመጣ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ነጭ ልብስ የለበሱ መርከበኞች ከተማው ውስጥ ሲገቡ የሻይ ዋጋ ይጨምር እንደነበር አስታውሳለሁ እንጂ ስለ ኃይሏ የምመሰክረው የለኝም።

ስለ አንድ ነገር ግን ዝም ብል ሕሊናዬ አይለቀኝም። ባሕሩ የእኛ ነው ብለን ስናውጅ ዳርቻው ላይ የሚኖረውን ሰው አልጠየቅነውም። ኅዳር 1955 ላይ ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሠላሳ ዓመት ጦርነት ሁሉ እኛ መንገድ ላይ የነበርነው በጭነት ነው ያየነው፤ የሚወጣው ጥይት፣ የሚወርደው ቁስለኛ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደግሞ እህል የጫኑ መርከቦች አሰብ ፊት ተራ ሲጠብቁ፣ የኮምቦልቻ መንገድ በስንዴ መኪና ሲጨናነቅ ከዚያው ነበርኩ። የሐርቡ ዘመዶቼ የመርከብ ስም እየጠሩ «ገባች ወይ?» ብለው ሲልኩብኝ ሰምቻለሁ። ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ጃማይካ ሞንቴጎ ቤይ ላይ ከመቶ የሚበልጡ መንግሥታት አዲሱን የባሕር ሕግ ስምምነት ፈረሙ። ክርክሩ አለቀ፤ 12 ማይል የግዛት ባሕር፣ እስከ 24 የጉምሩክና የጤና ቁጥጥር፣ እስከ 200 የኢኮኖሚ ቀጠና። የእኛ አሥራ ሁለት የዓለም አሥራ ሁለት ሆነች። ኢትዮጵያም በዚያ ቀን ፈረመች። ስምምነቱ አሥረኛ ክፍል አለው፤ ከ124ኛው እስከ 132ኛው አንቀጽ፤ ባሕር ስለሌላቸው አገሮች ነው፣ በጎረቤት በኩል ወደ ባሕር መድረስና ዕቃ ማሳለፍ መብታቸው መሆኑን፣ ዝርዝሩን ግን ከጎረቤታቸው ጋር እንዲዋዋሉ ይላል። ፊርማዋን ስታኖር ምጽዋና አሰብ በእጇ ነበሩና ይህ ክፍል የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። የተከራከሩበት እንደ ማላዊ፣ እንደ ዛምቢያ ያሉት ናቸው። አላጸደቅነውም፣ እስከ ዛሬ። ስምምነቱ ኅዳር 1987 ሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያ አሥረኛው ክፍል ከተጻፈላቸው አገሮች አንዷ ሆና ነበር።

ምጽዋ የካቲት 1982 ሄደች። ግንቦት 1983 አሰብ። የተረፉት የባሕር ኃይል መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ወደቦች ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ»ም የመን ላይ ቆማ ለብረት ተሸጠች። ግንቦት 1985 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። እኛ ትራንዚተሮች ግን ሥራችን አልተቋረጠም። አሰብ ክፍት ነበር፣ መኪናው ይመላለሳል፣ በሩ እስካለ ግቢው የማን እንደሆነ የሚያሳስበው የለም። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

ያ አዋጅ ግን አልሞተም፤ ባለቤት ቀየረ እንጂ። ኤርትራ የኢትዮጵያን ሕጎች እያሻሻለች ይዛ ቀጥላ ነበርና ቁጥር 137ም አብሮ ሄደ። ታኅሣሥ 1988 ኤርትራና የመን ሐኒሽ ደሴቶች ላይ ተታኮሱ፤ ነገሩ ለንደን ወደ ተቀመጠ የግልግል ችሎት ሄደ፤ ሰብሳቢው እንግሊዛዊው ሰር ሮበርት ጄኒንግስ ነበሩ። መስከረም 29 ቀን 1991 የመጀመሪያው ብይን ወጣ። ሐኒሽና ዙቀር ለየመን፤ ለኤርትራ ዳርቻ የቀረቡት ሞሐበካና ሌሎች ትንንሽ ደሴቶች ለኤርትራ። የሞሐበካዎቹ ምክንያት ለእኔ ጆሮ ጣፋጭ ነው፦ ከዳርቻው በ12 ማይል ውስጥ ያለ ደሴት የዳርቻው ባለቤት ነው። አንዷ ከመስመሩ በጥቂቱ ታልፋለች፤ እሷንም ከእኅቶቿ አንለያትም ብለው ጨመሯት። ሽማግሌ የሚፈርደው ፍርድ ነው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቢሆን የሚያምር።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1992 በወጣው ሁለተኛው ብይን ላይ የእኔ የጠፋ ጫማ ችሎት ፊት ቀረበ። መስመሩ ከየት ይለካ ሲባል ያ የ1946ቱ ሐረግ፣ በዓመቱ ከፍተኛው ሙላት የሚለው፣ ተነሣ። ዳኞቹ ተዉት። ልኬቱ በዓለሙ ሕግ መሠረት ከሽሽት መስመር ነው አሉ። ዳህላክን ደግሞ የዳርቻው አካል ነው ብለው ከደሴት ደሴት ቀጥ ያለ መስመር ማድረግ እንደሚገባ ተቀበሉ። ሁለቱም አገር ዓሣ አስጋሪዎች እንደ ጥንቱ ይመላለሱ፣ የድንበር መስመር አያግዳቸው ያሉትም እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ የተረቀቀ ሐረግ አርባ ስድስት ዓመት ቆይቶ ለንደን ላይ ሲገመገም፣ የጻፉት ሰዎች አገር በዚያ ክርክር ውስጥ ወንበር አልነበራትም።

በዚያ ጊዜ እኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ፣ ሥራ ፈትቼ። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ የአሰብ መንገድ በአንድ ቀን ተዘጋ። ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ፋይል ነበር፤ ዕቃው ወደብ ላይ፣ ወረቀቱ እኔ ዘንድ። የአንዱ ደንበኛ የስፌት መኪና፣ የሌላው ጎማ፣ አንዲት ሴትዮ ለልጇ ሰርግ ያስመጣችው የሸክላ ዕቃ። ከአሥራ አንዱ አንዱም አልመጣም። ሴትዮዋ ለዓመታት መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ሸክላዬስ?» ትለኝ ነበር፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ኋላ በቀልድ፣ መጨረሻ ላይ ለሰላምታ ያህል። ያኔ ነው አሥረኛውን ክፍል ፈልጌ ያነበብኩት። ከጎረቤትህ ጋር ተዋዋል ይላል። ጎረቤትህ ጠላት ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይልም።

ዛሬ ኮምቦልቻ «ደረቅ ወደብ» አላት። ኮንቴነሩ ከጂቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ ይመጣል፤ አሁንም በአጎቴ መንገድ እኩሌታ ላይ ነው። ወጣት ትራንዚተሮች በኮምፒዩተር ይሠራሉ፣ ወረቀት አይነኩም። አንዳንዶቹ መጥተው ከሶማሌላንድ ጋር ታኅሣሥ 2016 ተፈረመ ስለተባለው የመግባቢያ ሰነድ ይጠይቁኛል፤ 20 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ሲባል የሰሙትን ይዘው። «ወርዱ ነው ርዝመቱ?» እላቸዋለሁ። ግራ ይጋባሉ። ዳርቻ የተከራየ ሰው መሬት ተከራየ እንጂ ከፊቱ ያለው ውሃ አብሮ አይሰጠውም፤ ግቢው የባለቤቱ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2017፣ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። ሻይ ቤት ያለው ሰው በር፣ በር ይላል። እኔም አልቃወምም፤ በርም ትልቅ ነገር ነው። አሥራ አንዱ ፋይል ምስክሬ ነው።

የአሰብ ጨው ከቀረ ወዲህ ሐርቡ የሚመጣው የአፍዴራ ነው። ከባሕር ወለል በታች ካለ ሐይቅ ዳር የሚመረት፣ ነጭና ደቃቅ። ቅርፊት አይወጣበትም፤ ሙቀጫ አይፈልግም። ባለቤቴ ግን ሱቅ ልጅ ስትልክ አሁንም «አንድ ኪሎ አሰብ አምጣልኝ» ነው የምትለው። ባለሱቁ በ1990 አልተወለደም። አሰብ ማለት ጨው ነው ብሎ ይመዝንላታል።